የግራው ጠርዝ

በዚያ ጠዋት ወጥ ቤቱ ውስጥ ሦስት ነበርን። እኔ በመስኮቱ በኩል ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ ሊጥ እዳምጣለሁ። ታናሽ እህቴ አስናቀች ከከሰል ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ኮክ ትልጣለች። ገበያው ዳር ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ዘሀራ የተቆላ ኦቾሎኒ አምጥታልኝ በሩ ላይ ቆማለች። ፍልሰታ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት ስለነበር፣ ከጾሙ በፊት በቅቤ የምጋግረው የመጨረሻው ነበር።

የምጋግረውን ቤተሰቡ «ያልተዘጋው» ይለዋል። ሁለተኛ ደረጃ ስማር የሆም ኢኮኖሚክስ መምህራችን ታርት ብላ ያስተማረችን ነው። ፉርኖ ዱቄት በቅቤ ይታሻል፣ ይዳመጣል፣ መሐሉ ላይ ፍራፍሬና ኦቾሎኒ ይደረግና ጠርዙ በእጅ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። መሐሉ ክፍት ይቀራል። ከዚያ በሰፊ ድስት ከላይም ከታችም ፍም ተደርጎ ይበስላል። ቤታችን ሐዘን ወይም ሕመም ሲገባ የምሠራው እሱን ነው። ያን ቀን ግን የታመመ ሰው አልነበረም።

ቀኙን አጠፍኩ። ግራው ተከፈተ። እንደገና አጠፍኩት፤ ተከፈተ። አስናቀች ቀና ብላ፣ «እትየ፣ ዛሬስ ጠላ ቀምሰሻል» አለችኝ። ልመልስላት ስል ቃሉ አፌ ውስጥ ወፈረ። የግራ እጄ ሊጡ ላይ ነበር። ሊጡ አልተሰማኝም።

ዘሀራ ፊቴን አየችው። «እትየ ሙሉ፣ አፍዎ ወደ አንድ ወገን ሄዷል። አባቴን እንዲህ አድርጎት ነበር። ሐኪም ቤት እንሂድ።»

ምች ነው አልኳት። ቀደም ብዬ የቅቤ ሽታ እንደያዝኩ ወደ ጓሮ ወጥቼ ነበር፤ የክረምት ፀሐይ ደግሞ ምች ታመጣለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ያልኩት ግን ይኸንኑ ነው። ዘሀራ ደግማ ስትናገር፣ ኦቾሎኒውን አስቀምጣ ወደ ሱቋ እንድትሄድ ነገርኳት። በዕድሜ ስለምበልጣት ታዝዛ ወጣች። አስናቀችም ቃሌን አምና ከጓሮ ዳማከሴ ቀጠፈች፣ አሸችኝ፣ አስተኛችኝ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኛሁ።

ልነሳ ስል እግሬ አልነበረም። ወደቅሁ። ወለሉ ቀዝቃዛ መሆኑን ያወቅሁት በቀኝ ጉንጬ ብቻ ነው። ዘሀራ ማንም ሳይጠራት ባጃጅ ይዛ ተመልሳ ነበር። ሁለቱ ተሸክመው አስገቡኝና ሆስፒታል ደረስን።

ሐኪሙ ወጣት ነው። መጀመሪያ የጠየቀው በስንት ሰዓት እንደጀመረኝ ነው። ሦስት ሰዓት፣ አለች አስናቀች። የእጅ ሰዓቱን አየ።

«ስትሮክ ነው» አለ። «ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ተቋርጧል። ያለፈውን ሰዓት መመለስ አንችልም። የቀረውን ከጉዳት እንጠብቃለን።»

ለሲቲ ስካን ባሕር ዳር ተላክሁ። ደም ግፊት እንዳለብኝም ያን ጊዜ አወቅሁ። ሁሉንም ሰማሁ። ስለ ሌላ ሴት የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። አስናቀች በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ስትጠርግ፣ ነጠላው መታጠብ እንዳለበት አሰብኩ።

ወደ ደብረ ታቦር ቤታችን ከተመለስኩ በኋላ ያሉት ሳምንታት ይመሳሰላሉ፤ ጠዋት የደም ግፊቱን መድኃኒት አምሎዲፒንንና አስፕሪን እውጣለሁ፣ አስናቀች ታለብሰኛለች፣ በሳምንት ሁለት ቀን ለፊዚዮቴራፒ በባጃጅ እሄዳለሁ፣ የቀረውን ጊዜ ዝናቡን እያየሁ እቀመጣለሁ። አላዝንም፣ አልደሰትምም ነበር። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የምጨብጠው ኳስ ፈልጋ ስታጣ ቤት ውስጥ ምን እሠራ እንደነበር ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «እንግዲያ ሊጥ ይሹ» አለችኝ፤ «ከኳስ ይሻላል።» ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ አንድ እፍኝ ሊጥ በግራ እጄ አሽ ነበር፤ መጀመሪያ እንደ እንግዳ ሰው እጅ ሊጡ ላይ ይወድቅ ነበር፤ መስቀል ሲያልፍ ጣቶቹ አንድ በአንድ መታጠፍ ጀመሩ። ኦቾሎኒ ግን ሐኪሙ ከልክሎኝ ነበር፤ መዋጥ ስለሚያስቸግረኝ ትን እንዳይለኝ ነው። በኋላ ሲፈቀድልኝ እንደ ዱቄት አስወቅጬ ፍራፍሬው ላይ ጨመርኩት። አንድ ቀን የጋለውን የድስት ክዳን በግራ እጄ ይዤ ቆሜ አስናቀች ነጠቀችኝ። ቃጠሎው አልተሰማኝም፤ ቀድሞ የደረሰኝ ጠረኑ ነው።

ይህን የምታነቡ፣ ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ አፍ ሲተሳሰር ምች አትበሉት። ዳማከሴውን ተዉት። የጀመረበትን ሰዓት ያዙና ሂዱ። በሽተኛው እምቢ ቢል፣ በዕድሜ ቢበልጣችሁም፣ አትስሙት። እጁ የደነዘዘበት ሰው ውሃውንም ክዳኑንም በደኅናው እጁ ይሞክር። ደም ግፊታችሁን ሳትታመሙ ተለኩ። እኔን አጥባ ያለበሰችኝን እህቴን፣ ሊጥ ይሹ ያለችኝን ባለሙያም አመሰግናለሁ።

ዘሀራን ለማመስገን ግን ወራት ፈጀብኝ። በየሳምንቱ እየመጣች ትጠይቀኝ ነበር። ስለዚያ ጠዋት እሷም አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። ከእጄ ይልቅ የከበደኝ እሱ ነው።

ከገና በኋላ አስጠራኋት። ኮክ አልፎ ስለነበር ከገሳይ ከተማ በመጣ ፖም ነበር የጋገርኩት፤ ጠርዙን ብቻዬን አጠፍኩ። ከድስቱ ሲወጣ ቀኙ ቆሟል። ግራው ወድቆ ጭማቂው ፈስሶ ጠቁሯል። ዘሀራ ያን ቀን የቆመችበት በር ላይ ቆማ አየችው።

«እትየ፣ ይህንንም ምች መታው?» አለች።

አስናቀች ሳቋን ዋጠች።

«አይደለም» አልኩ። «ስትሮክ ነው። አንቺ ነግረሽኝ ነበር። ይቅር በይኝ።»

ገብታ ተቀመጠች። ከወደቀው በኩል ቆርሳ በላች። ለቤቷም አንድ ቁራሽ በጨርቅ ቋጠርኩላት፤ ቋጠሮውን ያሰርኩት በሁለቱም እጄ ነው። ተቀብላኝ ሻሿን አስተካከለችና ወጣች።