ሽርጡ የተሰነጠቀበት ክፍል

በደርግ ዘመን የሆስፒታል ራጅ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ከጨረር የሚከልለን እርሳስ የተሰፋበት ከባድ ሽርጥ ነበር፤ እሱም ከመታጠፍ ብዛት ወገቡ ላይ ተሰነጣጥቋል። ይቀየርልን ብለን በየስብሰባው አንስተናል። አገር ጦርነት ላይ ሳለች ስለ ሽርጥ ማውራት ነውር ነው ተባልን።

ያን ዓመት ፀነስኩ። የመጀመሪያው ወርዶብኝ ስለነበር ከባለቤቴና ከዋና ነርሷ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። ዋና ነርሷ ጠና ያሉ፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ናቸው። እሳቸው በዘዴ ፊልም ማጠቢያው ክፍል አደረጉኝ፤ ራጅ ማንሳቱን የሥራ ባልደረባዬ ያዘ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከግንባር የመጡ ቁስለኞች ኮሪደሩን ሞሉት። ባልደረባዬ ታሞ ቀርቷል። የሆስፒታሉ ካድሬ ራጅ ክፍሉ በር ላይ ቆሜ ሲያገኘኝ ለምን እንደማልጀምር ጠየቀኝ። አሞኛል አልኩት። ቃሬዛ ላይ ያለው ወታደር ያቃስታል፤ እግሬ ወደ ውስጥ ሊገባ ይላል፣ እጄ ሆዴን ይዟል።

«ሠራዊቱ እየደማ አንቺ በር ላይ ትገተሪያለሽ?» አለኝ። «ይሄ አሻጥር ነው።»

ያ ቃል በዚያ ዘመን ሰው ያስበላ ነበር።

ዋና ነርሷ ከኋላው ደረሱ። «ነፍሰ ጡር ናት፣ ጓድ። አትግቢ ያልኳት እኔ ነኝ» አሉት።

መልሱን አልጠበቁም። ሽርጡን ከመስቀያው አውርደው ለበሱና ቃሬዛውን አስገቡ። ድሮ እዚያው ክፍል ሠርተው ስለነበር መሣሪያውን ያውቁታል። ቁስለኞቹ እስኪያልቁ አልወጡም። ካድሬው ቆሞ አያቸውና ሄደ።

ከዚያ በኋላ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሊወስዱን የመጡ ይመስለኝ ነበር። ብስራተ ገብርኤል ካለው ቤታችን አጠገብ መኪና ሲቆም ባለቤቴ መብራት ያጠፋ ነበር። በመጨረሻ የመጣው የዝውውር ደብዳቤ ነው። እኔን ወደ ካርድ ክፍል፣ እሳቸውን ሩቅ ጠረፍ ወዳለ ጤና ጣቢያ።

ሊሄዱ ሲሉ ላፍቶ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ያን ጊዜ ከበራቸው ማዶ የጤፍ ማሳ ነበር። ብቻቸውን ዕቃ ያስራሉ፤ ባልም ልጅም አልነበራቸውም። በእኔ ጦስ ነው ብዬ አለቀስኩ። አስቀመጡኝና ማሰራቸውን ቀጠሉ።

«እኔ በወጣትነቴ እዚያ ክፍል ስሠራ አትግቢ ያለኝ ሰው አልነበረም» አሉኝ፤ ቀና ብለው አላዩኝም።

ገመዱን ያዝኩላቸው፣ እሳቸው ቋጠሩት።

ሴት ልጅ ወለድኩ። አዋላጇ ደህና ናት ብትለኝም አላመንኳትም፤ ጨርቁን ገልጬ ጣቶቿን፣ ጀርባዋን፣ ዓይኖቿን ራሴ አየሁ። ምንም አልነበረባትም። በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያው ጻፍኩላቸው።