የአቦይ ካሕሳይ የወይን ሐረግ

ትናንት ከሰዓት መቀሌ፣ ሓድነት ሰፈር፣ አቦይ ካሕሳይ ቤት ሄጄ እስካሁን ልቤ አልተመለሰም...

አቦይ ካሕሳይ የድሮ አከራዬ ናቸው። ከመቀሌ ወጣ ብሎ ከአባታቸው የወረሱት ማሳ አላቸው። አሁን ጠጠር ሊመረትበት ነው። ማሽኑ ከማሳው አጠገብ የነበረውን የፍርስራሽ ጉብታ ፈጭቶ ጨርሷል፤ ቀጥሎ ተራው የሳቸው ነው።

ከጉብታው የተረፈው አንድ ድንጋይ ብቻ ነው። አቦይ ድሮ ለውሃ በርሜል ማስቀመጫ ብለው ግቢያቸው ያመጡት። ላዩ ላይ የወይን ሐረግ ተቀርጾበታል ሲሉኝ ለቅርስ ባለሙያው ጓደኛዬ ነገርኩት።

«የጥንት ሕንፃ ጌጥ ይሆናል! እሱን አረጋግጬ ከጻፍኩ ቁፋሮው ይቆማል» አለኝ።

ደውዬ እንደምንመጣ ስነግራቸው ምርቃታቸው አላልቅ አለ።

ስንደርስ በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል።

«እንኳዕ ደሓን መጻእኩም! እተዉ፣ ግቡ፣ ግቡ!»

ድንጋዩ ግቢው መሃል፣ በርጩማ ላይ ጉብ ብሏል። ነጭ... የሚያበራ ነጭ። ቅጠሉ፣ የወይኑ ዘለላ፣ ጥርት ያለ። እኔ ሞኙ «እንዴት ያምራል!» አልኩ።

ጓደኛዬ ግን ጎንበስ ብሎ ዳሰሰውና ፊቱ ተለዋወጠ።

«አቦይ፣ ይሄን ማን ነካው?»

«ድንጋይ ጠራቢው ጎረቤቴ ነው። ጠቁሮ፣ ቅጠሉ ተበልቶ ነበር እኮ! ለእንግዳ እንደዚያ ይቀርባል? መስመሩን እየተከተለ በመሮ አጠራልኝ። ለልጄ ሰርግም ግንቡን እንዲሁ ነው ያስፋቅሁት።»

«የድሮው ፎቶ የለም?»

«የበርሜል ማስቀመጫ ማን ፎቶ ያነሳል ወደይ፣ ልጄ?»

ጓደኛዬ ድንጋዩን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ጀርባው የትም የሚገኝ ተራ ድንጋይ ነው።

«አቦይ... ዕድሜው የሚታወቀው በዚያ ጥቁረትና በመበላቱ ነበር። አሁን የሚታየው የሰሞኑ መሮ ነው። ጥንታዊ ነው ብዬ ብጽፍ ‹ትናንት ነው የተቀረጸው› ይሉኛል። ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

«አንተ ግን ታምነኛለህ?»

«አምንዎታለሁ።»

«እና ጻፈዋ!»

ጓደኛዬ ድንጋዩን ቀስ አድርጎ እንደነበረ መለሰው። አቦይ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ። ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው መሰለኝ፣ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«በጃኻ ወደይ፣ እባክህ... ጠራቢውን ልጥራውና እንደ ድሮው ያድርገው?»

እንባዬ መጣ። እውነቴን ነው። ምን ይባላል?

ስዋ፣ ያው ጠላ፣ ተጠምቆልን ስለነበር ሳንጠጣ መውጣት አልቻልንም። ጠራቢውም ሰምቶ መጣና፣ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ «እንዴት ነው ሥራዬ?» አለን። አቦይ ቀድመውን «ጽቡቕ እዩ፣ ቆንጆ ነው» አሉት።

እዚያ ግቢ ውስጥ አንድ እንኳ ክፉ ሰው አልነበረም... ቢኖር ቢያንስ እሱን ረግመን እንወጣ ነበር።