በስክሪን የመጡ ሽማግሌዎች

«ቆይ! ኮዱን እንዳትነግረው!»

እጄን አፈፍ ያደረጉት አጠገቤ የተቀመጡ የማላውቃቸው ሴት ናቸው። ከናይሮቢ መሀል ከተማ ወደ ካሳራኒ ሰፈር በሚሄድ ማታቱ፣ በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ነን፤ ዝናቡ ቲካ መንገድን ዘግቶት ግማሽ ሰዓት ሙሉ ፈቀቅ አላልንም። እኔ ለታናሽ ወንድሜ የቤታችንን የኢንተርኔት ኮድ በስልክ ልነግረው ነበር።

«ወንድሜ እኮ ነው» አልኳቸው እየሳቅሁ።

«በምን አወቅህ?»

«በድምፁ ነዋ!»

«በድምፁ!» አሉ፤ አልሳቁም። «በል ዝጋና ራስህ መልሰህ ደውልለት።»

ደወልኩ። ወንድሜ ነበር፤ ለምን ዘጋህብኝ ብሎ ተነጫነጨ። ያን ጊዜ እጄን ለቀቁኝና «ይቅር በለኝ ልጄ፣ ሳላስበው ነው» አሉ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ ዝም ማለት አልችልበትም። መንገዱም አልተከፈተ። ጠየቅኋቸው፣ አወጉኝ።

ስማቸው አጸደ ይባላል። ኢስትሊ በሚባለው ሰፈር የሐበሻ ቀሚስ ይሰፋሉ። ናይሮቢ ሲገቡ ልጃቸው ሮሃ የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ በሁለተኛው ዓመት ባላቸው ሞቱ። «በስፌት መኪና ነው ያሳደግኋት» አሉኝ። «እሷ እንግዲህ የናይሮቢ ልጅ ናት፤ ስትቆጣ በስዋሂሊ፣ ስትወድ በእንግሊዝኛ፣ ሲርባት ብቻ በአማርኛ!»

ባለፈው ዓመት ነው ሚናስ የሚባል ሰው በሮሃ ስልክ የገባው። ካናዳ ነዋሪ ነኝ፣ ለሥራ ባንኮክ መጥቻለሁ ይላል። መልኩ ያማረ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ በየቀኑ በቪዲዮ የሚደውል። በአራተኛው ወር «ባንኮክ ነይና እንጋባ፣ ከዚያ አብረን ካናዳ እንሄዳለን» አላት፤ የአውሮፕላን ትኬቱንም ራሱ ቆርጦ ላከ፤ ለሐሙስ።

«ገንዘብ ቢጠይቅ ኖሮ እነቃ ነበር» አሉ እትዬ አጸደ። «አምስት ሳንቲም አልጠየቀም። የፈለገው ልጄን ነው።»

ፓስፖርቱ ግን በእናት እጅ ነበር። ‹ሽማግሌ ሳይልክ አልሰጥሽም› አሏት።

«‹ማሚ፣ ሲሪየስሊ? ሽማግሌ?› ብላ ሳቀችብኝ። እኔማ አይልክም፣ በዚያው ይቀራል ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሦስት ሽማግሌ ተገኘ!»

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የሮሃን ላፕቶፕ ከስፌት መኪናው አጠገብ አስቀመጡት። በአባት ቦታ ጎረቤታቸው አቶ በኃይሉ ኮታቸውን ለብሰው ተቀመጡ፤ ሮሃ ከመጋረጃው ጀርባ ጆሮዋን አቁማለች። ስክሪኑ ላይ ነጠላ ያጣፉ ሦስት ሽበታሞች ወጡ። የሚናስ አጎት ነኝ ያሉት አቶ ክብረት ናቸው የተናገሩት። አማርኛቸው ማር ነው። ‹ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ልንለምን መጥተናል› ሲሉ አቶ በኃይሉ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ» አሉኝ እትዬ አጸደ። «ተቀምጠው ነው የሚለምኑት! ሽማግሌ ቆሞ ነው እንጂ የሚለምነው፤ ተቀመጡ ቢሉት እንኳ ‹ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም› ይላል። እውነቱን ልንገርህ፣ አጭበርባሪዎች ናቸው ብዬ አይደለም። የከፋኝ ንቀቱ ነው። ልብስ ሰፊ ናት ብለው ነው አልኩ። ‹አባቶቼ፣ ካልቆማችሁማ ልጄን አልሰጥም› አልኳቸው።»

አንደኛው ‹ጉልበቴን ያመኛል› አሉና ከስክሪኑ ጠፉ። ሁለተኛው ‹ኔትዎርክ…› እንዳሉ ጠፉ። አቶ ክብረት ብቻ ቀሩ፤ ከካሜራው ጎን የቆመ ሰው ያለ ይመስል ወደዚያ አየት አደረጉ።

‹አንቺ ሴት፣ ልጅቷን አስቀረሻት!› አሉ አቶ በኃይሉ በሹክሹክታ።

«ከዚያ ሰውየው ብድግ አለ። ሲነሣ ፊቱ አብሮት አልተነሣም። ሽበቱ ወደ ጎን ተንሸራተተ፣ ጺሙ እንደ ውሃ ተርገበገበ፣ ጠፋ። ከሥሩ የወጣው ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው፣ ጉንጩ የበለዘ፣ ከሲታ ልጅ ነው። የእኛው የሐበሻ ልጅ! ድምፁ ግን አልተለወጠም። በዚያ በሽማግሌ ድምፅ ቶሎ ቶሎ፣ ‹እማማ፣ እንዳትልኳት! እኔም በትኬት ነው የመጣሁት› አለኝ። ትከሻው ላይ እጅ አረፈ። ስክሪኑ ጨለመ።»

በሰው ፊት ላይ የሌላ ሰው ፊት የሚያለብስ ፕሮግራም መኖሩን፣ ሰውየው ካሜራው ፊት ተቀምጦ ካልተንቀሳቀሰ እንደሚይዝለት፣ ሲነሣ ሊለቅበት እንደሚችል እሳቸው የሰሙት ከዚያ በኋላ ነው። ትኬት ልከው ወጣት የሚያስመጡ፣ ከዚያም አግተው ሌላውን እንዲያታልል የሚያስገድዱ መኖራቸውንም የሰሙት ያኔ ነው።

«ሮሃስ?» አልኳቸው።

«አይታለች፤ ግን ሰው የወደደውን እንዲህ በቀላሉ ይተዋል? ‹ኮኔክሽን ነው ማሚ› አለችኝ። ወዲያው ሚናስ ደወለ። ‹አጎቴን ሰደቡብኝ፤ ፓስፖርትሽን ተቀበይና ውጪ› ይላታል። ፓስፖርቱን ጡቴ ሥር ሸጉጬ በሩ ላይ ቆምኩ። ገፍታኝ ብታልፍ አቅም የለኝም፤ እሷም ታውቃለች። ቀረበችኝ፤ ትንፋሿ ፊቴን ነካኝ። ስልኩን እንደያዘች ዓይን ዓይኔን እያየች ‹ሚናስ፣ ያ ልጅ የት ነው ያለው?› አለችው።»

«ምን አላት?»

«‹የትኛው ልጅ?› ቢላት ኖሮ ልጄን አጥቻት ነበር። አላለም። ዝም አለ። ዝም… ዝም… ዘጋው። ያኔ እግሬ ሥር ተቀመጠች።»

ሐሙስ አውሮፕላኑ ያለ ሮሃ ሄደ። ሮሃ እስከ ዛሬ በቪዲዮ ለሚደውል ሰው አታነሣም፤ እናቷን ግን እንደ ድሮው ታሾፍባቸዋለች።

ማታቱው ተንቀሳቀሰ። ሳናስበው ካሳራኒ ደረስን። እሳቸው የተሰፋ ቀሚስ ለደንበኛ ሊያደርሱ ነውና ፌስታላቸውን አቅፈው ተነሡ።

«እንኳን ልጅዎ ተረፈች፣ እትዬ አጸደ» አልኳቸው።

በሩ ላይ ቆም አሉ፤ ኮንዳክተሩ ውረዱ ውረዱ ይላል።

«ተመስገን ነው። ያ ልጅ ግን ተሳስቶ አይደለም የተነሣው፤ አውቆ ነው። ልጁን አፈላልጉልኝ ብዬ ያልሄድኩበት ቢሮ የለም፤ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ ‹ስሙ ማነው?› እኔ ደግሞ አልጠየቅሁትም።»