ቅርፊቱን እስካይ

ይህ ገጠመኝ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በጾመ ነቢያት፣ ባለቤቴ የሺ የሐሞት ከረጢቷን በቀዶ ሕክምና ካስወጣች ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በሰባ አንድ ዓመት ዕድሜዬ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያን ሐሙስ ግን አልረሳሁትም። ምክንያቱም በዚያ ቀን፣ ካስፈለገ ባለቤቴን ልዋሻት ወስኜ ነበር ከቤት የወጣሁት።

የሺ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ምግብ እምቢ አላት። ምስርና ሽሮ ሆዷን ይነፋታል። ሐኪሙ ቅባት ከልክሎ፣ ሰውነቷን የሚጠግን ዶሮ ወይም ዓሣ እንድትበላ አጥብቆ አዘዘ። እሷ ደግሞ ጾም አልሽርም አለች። የንስሐ አባታችን በስልክ «ልጄ፣ ታመሻልና ዓሣ ብዪ፤ ፈቅጃለሁ» ሲሏት ተስማማች። ስልኩን እንደዘጋች ግን ወደ እኔ ዞረች።

«ክንፍና ቅርፊት ያለው ይሁን። ቅርፊት የሌለው ዓሣ በእናቴም ቤት በልቼ አላውቅ።»

በመጀመሪያ ቅርፊቱ የታወቀውን ቲላፒያ ገዛሁላት። ገና ከመጥበሻው ሽታው ሲደርሳት «ይሄ ጭቃ ጭቃ ይላል» ብላ ፊቷን አዞረች። ሳልመን ደግሞ ቅባቱ ብዙ ነው። ስለዚህ ከቀዝቃዛ ባሕር የተጠመደ፣ ሥጋው ነጭ የሆነ፣ የማይሸት ዓሣ መፈለግ ነበረብኝ።

ከምንኖርበት ከቻምበርስ ሮድ ተነሥቼ ፒዮሪያ ስትሪት ወደሚገኝ አንድ አነስተኛ ዓሣ መሸጫ ሄድኩ። ባለሱቁ ዴቭ በወጣትነቱ አላስካ ውስጥ ዓሣ ያጠምድ የነበረ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። ችግሬን ካዳመጠ በኋላ ሊንግኮድ የሚባል፣ ስሙን እንኳ ሰምቼው የማላውቅ ዓሣ አሳየኝ። ቆዳው ተገፎ፣ አጥንቱ ወጥቶ፣ በበረዶ ላይ ተጋድሟል።

«ቅርፊት አለው?» አልኩት።

«አለው እንጂ።»

«ላየው እችላለሁ?»

«ቆዳው እኮ እዚህ ከመድረሱ በፊት ተገፏል፣ ጌታዬ። ዓሣ ነው የሚገዙት ወይስ ቤት?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ባለቤቴ እንደታመመችና ያላየሁትን አየሁ ልላት እንደማልችል አስረዳሁት። እሱም ሳቁን ትቶ፣ ሐሙስ ያልተቆረጠ ሙሉ ዓሣ ሊያስመጣልኝ ቃል ገባ።

ግሪን ቫሊ ራንች በሚባለው ሰፈር የምትኖረው ልጃችን ሰብለ ይህን ስትሰማ ትዕግሥቷ አለቀ።

«አባዬ፣ እኔ ጎግል አድርጌዋለሁ። ቅርፊት አለው። በቃ፣ አየሁት በላት!»

«ጎግል ያየውን እኔ አየሁ ልበል?»

«ኦ ማይ ጋድ! ሰውየው ሠላሳ ዓመት ንብረት ክፍል ሠርቶ አሁን ዓሣ ሊረከብ ነው!»

እውነቷን ነው። በሥራ ዘመኔ ያላየሁትን ዕቃ ገብቷል ብዬ ፈርሜ አላውቅም። ረቡዕ ማታ ግን የሺ ከአልጋ ተነሥታ ሁለት እርምጃ እንደሄደች ጉልበቷ ከድቷት ግድግዳውን ያዘች። ደግፌ ስመልሳት ክንዷ በእጄ ውስጥ እንጨት መስሎ ተሰማኝ። ያን ጊዜ ነው ሐሳቤ የተለወጠው። ሙሉው ዓሣ ካልመጣ የተገፈፈውን ገዝቼ «አይቻለሁ» ልላት ወሰንኩ።

ሐሙስ በረዶ ይጥል ነበር። መኪናውን በዝግታ እየነዳሁ ያቺን ቃል ደጋግሜ ተለማመድኳት። «አይቻለሁ። አይቻለሁ፣ የሺ።»

ሱቁ ስደርስ ጭነቱ በመንገዱ ምክንያት ዘግይቷል። በአንድ የፕላስቲክ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅሁ። በመጨረሻ ዴቭ የተገፈፈውን ሊንግኮድ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

«መንገዱ ሳይብስ ይዘው ይሂዱ። ያው ዓሣ ነው።»

ተቀበልኩት። እስከ በሩም ይዤው ሄድኩ። እጀታውን ስይዝ የሺ ዓይን ዓይኔን እያየች ስትጠይቀኝ ታየኝ፤ ከዚያ ወዲያ መራመድ አቃተኝ። ተመልሼ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና «እጠብቃለሁ» አልኩት። ዴቭ ትከሻውን ነቅንቆ ሻይ አመጣልኝ።

ጭነቱ የደረሰው ከቀትር በኋላ ነው። ዓሣው ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ጥርሱ የሾለ፣ አካሉ በቡናማ ነጠብጣብ የተሸፈነ፣ ለዓይን የማያምር ፍጡር ነው። ክንፉ ከማጅራቱ ጀምሮ ጀርባውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። ቆዳውን ግን በጣቴ ስዳብሰው እንደ ሳሙና አሙለጨለጨኝ። ቅርፊት የሚባል አልነበረውም። «የለውም እኮ!» አልኩት።

«ይታገሡ» አለ ዴቭ። የቢላዋውን ጀርባ ከጅራት ወደ ራስ አቅጣጫ አስኬደው። በቢላዋው ላይ እንደ ሕፃን ጥፍር ያነሱ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ቅርፊቶች ተከመሩ። ጥቂቱን በመዳፌ ላይ አደረገልኝ። መነጽሬን አስተካክዬ አንድ በአንድ ተመለከትኳቸው። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ዴቭም አይቶ እንዳላየ ሆነ። ከቅርፊቶቹ ጥቂቱን ለማስረጃ በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ።

ቆርጦ ሲሰጠኝ ጥሬው ሥጋ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነበር። የዚህ ዓሣ አንዳንዱ እንዲህ እንደሆነና እሳት ሲነካው እንደሚነጣ ባያስጠነቅቀኝ ኖሮ ተበላሽቷል ብዬ እጥለው ነበር። ቤት ደርሼ ዴቭ እንዳዘዘኝ የዓሣውን ውኃ በወረቀት አደረቅሁ። በጥቂት ዘይት ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አቁላልቼ፣ የጥብስ ቅጠል ጨምሬ፣ ዓሣውን አስተኛሁት። አረንጓዴው ከዳር ጀምሮ እየነጣ ሄደ። ሥጋው በሹካ ሲነካ በወፍራም በወፍራሙ መላቀቅ ሲጀምር አወጣሁና ሎሚ ጨመቅሁበት። በሕይወቴ ዓሣ ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው።

ሳህኑን ሳቀርብላት የሺ መጀመሪያ አሸተተችው፤ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ክንፍና ቅርፊቱን አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

ወረቀቱን ለማውጣት እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ እሷ ጎርሳ ነበር። አላምጣ ዋጠችና «ጨው አንሶታል፤ ጥሩ ነው ግን» አለች። ሳህኑን ጨረሰችው። ጨምርልኝም አለችኝ።

ዛሬ የሺ ደህና ናት፤ ሊንግኮድም በየወሩ ከቤታችን አይጠፋም። እንዴት እንደሚሠራ ለሚጠይቁኝ ሁሉ በዝርዝር አስረዳለሁ፤ ይህንንም ስናገር ጥቂት እንደምኮራ አልክድም። ወረቀቱን ግን እስካሁን አላሳየኋትም፤ እሷም ጠይቃኝ አታውቅም። ያን ቀን ሳላይ አይቻለሁ ብላት ኖሮ እንደዚያው አምናኝ ትጎርስ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሰውነቴን ብርድ ብርድ ይለኛል።