አባባ እያወሩ መሄድ ያቃታቸው ጊዜ

አያቴን አባባ ነው የምላቸው። መጀመሪያ የቆሙት ከቦንጋ ገበያ ስንመለስ፣ አስፋልቱ መሀል ነው። «ቁልፉን ማን ጋ ተዉት?» አልኳቸው። እግራቸው ቀጥ አለ። አሰቡ። «እናትሽ ጋ» አሉና እንደገና መራመድ ጀመሩ። ከኋላችን የባጃጅ ጥሩምባ ያንባርቃል። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «አባት፣ ሊሻገሩ ነው ወይስ ሊተከሉ?» አለ። መንገደኛው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

እኛ ጋ ትልቅ ሰው ሰላም ሲባል ቆም ብሎ፣ ዞሮ፣ ፊት ለፊት እያየ ነው የሚመልሰው። እየሄደ የሚመልስ ባለጌ ነው። ስለዚህ አባባ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሲቆሙ ሠፈሩ «እንዴት ያሉ ጨዋ ናቸው!» ይል ነበር። ጨዋነታቸው ሕመማቸውን ሸፈነው። እኔ ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ጫካ ስከተላቸው እያወሩ፣ እየሳቁ፣ ንቦቻቸውን እየሰደቡ ነበር የሚሄዱት። ለእኔ ብለው ቆመው አያውቁም። ለእኔም መቆም ሲጀምሩ ነው የደነገጥኩት።

ይህን ለአጎቴ ለጋሽ ታደሰ ነገርኳቸው። ምነው አፌን በያዘው! «አሥረኛ ክፍል ገባሁ ብለሽ አባቴን እብድ ልታስብዪ ነው?» አሉኝ። አንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ሳይቀር አወሩት። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶቻችን ባለፍኩ ቁጥር በአጥር በኩል «ዶክተሯ መጣች፣ እግራችሁን ሰብስቡ!» ይላሉ። አጎቴን አንቱ እያልኩ ነው እስከ ዛሬ የተቀየምኳቸው። ለአባባ ክብር ተቆርቁረው ቢሆን ኖሮ ይቅር እላቸው ነበር። እሳቸውን ያስጨነቃቸው የቀፎ መስቀያው ወቅት መድረሱ ነው። ዋጫ በኩል ጫካው ውስጥ ቀፎ የምንሰቅልባቸው ዛፎች ረጃጅም ናቸው፤ በገመድ ደፍሮ የሚወጣባቸው አባባ ብቻ ነበሩ። እዚያ ላይ ሆነው አንድ ነገር ቢያስቡና ቀጥ ቢሉስ? ከዚያ የወደቀ ሰው ለሐኪም አይደርስም።

እናቴ ሰማችኝ። አባባን ይዘን ሆስፒታል ሄድን። ጋሽ ታደሰም «ውሸቷን ላጋልጥ» ብለው ተከተሉን።

ዶክተሯ ወጣት ናት። መጀመሪያ አባባን ኮሪደሩ ላይ ዝም ብለው እንዲሄዱ አደረገች። ቀጥ ብለው ሄዱ። አጎቴ «አየሽ?» በሚል ዓይን ገረመሙኝ። ከዚያ «አባቴ፣ አሁን ደግሞ ከመቶ ላይ ሦስት ሦስት እየቀነሱ ይራመዱ» አለቻቸው።

ቆሙ።

«በአማርኛ ስለጠየቅሻቸው ነው!» ብለው ጮኹ አጎቴ። «በካፊኖኖ ይጠየቁ! ቁጥርስ ምን ያደርግላቸዋል? የሒሳብ አስተማሪ ናቸው?»

ዶክተሯ አልተቆጣችም። «ልክ ነዎት ጋሼ» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «በደንብ የሚያውቁት ነገር ምንድን ነው?»

ንብ የሚወዳቸው ዛፎች፣ አልኳት። ተቀምጠው ሳሉ በካፊኖኖ ጠየቅኳቸው። ብሳናውን፣ ግራዋውን፣ ዋንዛውን አወረዱት፤ ማን ያስቁማቸው! «አሁን እየሄዱ» አለች ዶክተሯ።

ተነሡ። አንድ ዛፍ ጠሩ። ሁለተኛውን ጠሩ። ቆሙ። ግድግዳውን ያዙ። ሦስተኛው ዛፍ አልመጣም። አባባ አዩኝ። ያውቁት ነበር።

«መሄድ ብቻውን አላቃታቸውም፤ ማሰብም ብቻውን አላቃታቸውም» አለች ዶክተሯ። «ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ነው የሚጨናነቅባቸው። ይሄ ብቻውን ዲሜንሺያ፣ ማለትም የመርሳት በሽታ፣ ነው አያሰኝም። ግን መርሳቱ ገና ሳይጎላ ሊታይ የሚችል ምልክት ስለሆነ መመርመር አለብን።»

«ዛፍ መውጣቱስ?» አሉ አጎቴ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

«እዚህ የቆመው እግራቸው ነው። እዚያ ላይ የሚቆመው እጃቸው ነው።»

ከዚያ በኋላ የደም ምርመራው ቫይታሚን ቢ12 እንደጎደላቸው አሳየ፤ ጆሯቸውና ዓይናቸውም ታየ፤ ጅማ ድረስ ሄደን ሲቲ ስካን ተነሡ፣ የማስታወስ ፈተናም ተፈተኑ፣ በመጨረሻም ዲሜንሺያው ጅማሬው ላይ መሆኑ ተነገረን። የቢ12 መርፌውን ሲወስዱ፣ ሳይነግሩን የቆዩት የእግራቸው መደንዘዝ እየቀለለ፣ ፊታቸውም እየፈካ መጣ፤ ሕመሙ ግን አልጠፋም፣ ይጠፋልም ብዬ አልዋሻችሁም። ቀፎ የሚሰቀልበት ቀን ሲደርስ ገመዱን ታጥቀው የወጡት ጋሽ ታደሰ ራሳቸው ናቸው፤ አባባ ከሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው «አንተ ታደሰ፣ ዝንጀሮ እንኳ ገመድ እንዲህ አይዝም!» እያሉ ሲያዟቸው ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ አልሞከርኩምም።

ያቺን ዶክተር፣ ያመነችኝን እናቴንም አመሰግናለሁ። በአጥር በኩል የሳቁብኝን አላመሰግንም። ቤታችሁ ትልቅ ሰው ካለ አብራችሁት ተራመዱ፤ እየሄዳችሁም የሚወደውን ነገር ጠይቁት። ድሮ እያወራ ይሄድ የነበረ ሰው ዛሬ ለመመለስ ከቆመ፣ ጨዋነት ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ሐኪም ጋ ውሰዱት። እርጅና ነው የሚላችሁን አትስሙ፤ ቢቀየምም ይቀየም።

አሁን እኔና አባባ ስንሄድ ዝም እንላለን። ወሬ ሲያምራቸው ክንዴን ጫን ያደርጉታል፤ ዳር ይዘን ሁለታችንም እንቆማለን። የሚሉትን ብለው እስኪጨርሱ አልንቀሳቀስም። ባጃጁ እንደ ፍጥርጥሩ ጥሩምባውን ይንፋ።