ቁመቴን ለክተው ዝም ያሉ ሰዎች

ነጻ የሚባል ነገር ስሰማ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ምን ላድርግ፣ አልወጣልኝ አለ። ቡሬ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ስለ አንድ ነጻ የትምህርት ዕድል ሰምተው ሲንጫጩ መጀመሪያ የምጠይቃቸው፣ ሳትገቡ የምትከፍሉት ምን አለ ብዬ ነው። መምህራችን ተስፋ አስቆራጭ ናት እያሉ ያሙኛል። ይሙኝ።

ፍኖተ ሰላም አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ጥሩ ውጤት የመጣልኝ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል የበረራ ትምህርት ቤት፣ ከገጠር ለሚመጡ ሴቶች ነጻ ሥልጠና እሰጣለሁ ብሎ በቴሌግራም ማስታወቂያ ለቀቀ። ትንንሽ አውሮፕላን በግል ለማብረር የሚያበቃ ፈቃድ ያሰጣል፣ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ክፍት ነው ይላል። ሁሉም ነገር ነጻ ነው፤ የሕክምና ምርመራው ብቻ በራስ ወጪ። ያውም እነሱ በመረጡት ክሊኒክ፣ ያውም እዚያው አዲስ አበባ።

የእኛ ቤት ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ገጠር ነው። በላያችን አውሮፕላን ያልፋል። ልጅ ሳለሁ ሁልጊዜ የሚያልፈው ውሃ ቀድቼ ከወንዝ ስወጣ ይመስለኝ ነበር፤ ጀሪካኑ ጀርባዬ ላይ ስለሆነ ቀና ብዬ ማየት አልችልም፣ ድምጹን ብቻ እሰማለሁ። እንግዲህ ያንን ማስታወቂያ ሳነብ ምን እንደተሰማኝ መገመት ነው። እንቅልፍ አጣሁ።

አባቴ ሁለት ቀን አስቦ ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱን ቡሬ ገበያ አውጥቶ ሸጠው። እናቴ በአንድ በሬ ምን ሊታረስ ነው ብትለው፣ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቼ በየተራ አርሳለሁ አላት። ተዘግቶ የከረመው የአዲስ አበባ መንገድ በተከፈተ ሰሞን ከፍኖተ ሰላም ተሳፈርን። ደምበጫን እንዳለፍን አባቴ ጠጋ ብሎ፣ አውሮፕላኑን ስትነጂው ዝቅ ብለሽ ቤታችንን ማየት ትችያለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እችላለሁ አልኩት።

ክሊኒኩ ገና ስንገባ ነርሷ ሚዛን ላይ አወጣችኝ። ቀጥላ ጫማዬን አስወልቃ ግድግዳው ላይ ካለው ሜትር አስደግፋ ቁመቴን ለካችኝ። ለካችና አጠገቧ ያለችውን ጓደኛዋን አየቻት። ጓደኛዋም መልሳ አየቻት። ከዚያ ጻፈችና "ቀጥዪ" አለችኝ።

ቀጠልኩ። ደም አለ፣ ሽንት አለ፣ የደረት ራጅ አለ። ልብሽ ይታይ ተብዬ ደረቴ ላይ ሽቦ ተለጠፈ። እንደ ቁም ሳጥን ባለች ጠባብ ክፍል ተዘግቶብኝ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ተደርጎ ጢጥ ጢጥ የሚል ድምጽ ስሰማ እጄን እንዳነሳ ታዘዝኩ። በቀለም ነጠብጣብ ውስጥ የተደበቀ ቁጥር አነበብኩ። ጥርሴ ሳይቀር ታየ። እያንዳንዱ ክፍል ከመግባቴ በፊት አባቴ መክፈያው መስኮት ጋ ይሰለፋል፤ ከጋቢው ጫፍ የቋጠረውን ይፈታል፣ ይከፍላል፣ መልሶ ይቋጥራል። ቋጠሮው እየሳሳ ሲሄድ አያለሁ። እሱ ግን ወደ እኔ ሲመለስ ይስቃል።

በሦስተኛው ቀን ለበረራ ብቁ ናት የሚል ማስረጃ ተሰጠኝ። አባቴ ሁለቴ አስነበበኝ። ክሊኒኩ በር ላይ ለቆመው ዘበኛ ሳይቀር ልጄ አንድም እንከን የለባትም ብሎ ነገረው።

ማስረጃውን ይዘን የበረራ ትምህርት ቤቱ ሄድን። ከረባት ያሰረ ወጣት ተቀበለን። ወረቀቱን ገለጥ እንኳ ሳያደርገው ወደ ግድግዳ ወስዶ አቆመኝ። ግድግዳው ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል። መስመሩ ከአናቴ በላይ ነበር።

እግርሽ የአውሮፕላኑን ፔዳል አይደርስም አለኝ። አባቴ ነገሩ የተበላሸ አልመሰለውም፤ ከጀርባዋ ትራስ ቢደረግላትስ ብሎ በትህትና ጠየቀው። ወጣቱ ሳቀ። እኔ ማስታወቂያው ስለ ቁመት ምንም አይልም ስለው፣ እሱ ለምዝገባ ስትመጡ የሚነገር ነው አለኝ። ለምዝገባ የሚመጣው ደግሞ መጀመሪያ ምርመራውን የጨረሰ ብቻ ነው። ጉድ እኮ ነው። ቡሬ ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው እንኳ ብሩን ከማውጣቱ በፊት የበሬውን አፍ ከፍቶ ያያል፤ ለማየት ደግሞ ማንም አያስከፍልም። እኔን ግን ልቤንና ሳንባዬን አስፈትሸው፣ የአባቴን ቋጠሮ አራግፈው ሲያበቁ ነው በነጻ የሚታየውን ያዩት።

ተመልሰን ክሊኒኩ ሄድን። አባቴ ገንዘቡ ይመለስልኝ አላለም፤ እንዲያ ማለት ያሳፍረዋል። የጠየቅኳት እኔ ነኝ። ያቺን ነርስ ፊት ለፊት ቆሜ፣ የመጀመሪያው ቀን ስትለኪኝ እንደማልገባ ታውቂ ነበር ወይ አልኳት። ዓይኗን ሰበረች።

"አውቅ ነበር" አለች። "እዚህ ለክተናቸው እዚያ የሚመለሱ ብዙ ናቸው። ግን እኛ የተቀጠርነው ልንመረምር ነው እንጂ ልንናገር አይደለም።"

የዚያን ቀን ጠዋት አንዲት ቃል ተናግራ ቢሆን ኖሮ እኮ አባቴ በሬው ባይመለስ ሌላ በሬ ገዝቶ በገባ ነበር። አንዲት ቃል። አባቴ ክንዴን ይዞ "ተያት፣ እሷም እንጀራዋ ነው" አለኝ። እሱ ይተዋት፤ እኔ እስከ ዛሬ አልተውኳትም።

ቤት ስንደርስ እናቴ ነገሩን ሁሉ ሰማች። ስለ በሬው ትንፍሽ አላለችም። በማግስቱ ወንዝ ልወርድ ጀሪካኑን ሳነሳ ከእጄ ነጠቀችኝ።

"እኔ ነኝ ያሳጠርኩሽ" አለችኝ። "አጥንትሽ ሳይጠና ይህን እያሸከምኩሽ።"

ደነገጥኩ። ኧረ እማዬ፣ አንቺም አጭር ነሽ፣ አክስቶቼም አጭር ናቸው፣ በዘር የመጣ ነው ብዬ ለመንኳት። የማውቀውን ሳይንስ ሁሉ ደረደርኩላት። አልሰማ አለች። ሰዎቹ ገንዘቡን ወሰዱ፣ እሺ ይውሰዱት። ለእናቴ ይህን ጥለውላት መሄዳቸውን ግን በምን አባቴ ልቻለው?

ከዚያን ቀን ወዲህ ታናሽ እህቴን ጀሪካን አስነክታት አታውቅም። እህቴ አድጋ ዛሬ በቁመት በልጣኛለች። እናቴም "ይኸው፣ አላልኩሽም?" እያለች ታሳየኛለች። ውሃውን የምትቀዳው ራሷ ናት። ልናግዛት ስንል ትቆጣለች።

ባለፈው ፋሲካ ቤት ሄጄ ደጅ ቆሜያለሁ። እናቴ ጀሪካን አዝላ ከወንዝ ወገቧን ይዛ ስትወጣ አየኋትና ልቀበላት ሮጥኩ። አልሰጥም አለችኝ። ያኔ በላያችን አውሮፕላን አለፈ። እኔ ቀና ብዬ አየሁት። እናቴ ጀሪካኑ ጀርባዋ ላይ ስለነበረ ቀና ማለት አልቻለችም።