የአረፋዋ ዶሮ

እናቴ ለደሴ ብርድ ብላ የሠራችልኝ ሦስት ሹራብ ኮምቦልቻ ላይ አንዳች አልፈየደልኝም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሰን የምደባ ዕጣ ስናወጣ የደረሰኝ ወሎ ነበር፤ ይርጋለም ያሉ ዘመዶቼም ወሎ ማለት ደሴ፣ ደሴ ማለት ብርድ ነው ብለው ሸኙኝ። ደሴ በጉም ተሸፍና ስትቀበለኝ ልክ ነበሩ አልሁ። በማግሥቱ ግን ለኮምቦልቻ መምህርትነት ተመድቤ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ስንወርድ ሹራቦቹን አንድ በአንድ እያወለቅሁ ደረስሁ።

የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ባላቸው የሞተባቸው እስላም ሴትዮ ነበሩ፤ እማማ እላቸዋለሁ። ገና ፊቴን እንዳዩ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አብሽሪ!» አሉኝ። አይዞሽ ማለታቸው እንደሆነ ከእጃቸው ገባኝ። የእኔ ተስፋ ግን ሌላ ነበር። ሻንጣዬን ሳልፈታ አልጋ ሥር አስቀምጬ፣ ቅዳሜ ጧት የትምህርት ቢሮው በቀትር ሳይዘጋ ደሴ ወጥቼ ወደ አገሬ አዛውሩኝ ብዬ ልለምን ቆርጫለሁ።

አርብ ዕለት አረፋ ዋለ። ግቢው ውስጥ በግ ታረደ፤ ክርስቲያን ስለሆንሁ ከዚያ ሥጋ እንደማልበላ እማማ ያውቃሉ። ስለዚህ ለእኔ ብቻ አንዲት ቀይ ዶሮ፣ አዲስ ቢላዋና ከችኮላ የተነሣ ክዳኑ የተረሳ አዲስ ድስት ገዝተው ጠበቁኝ። የቀረው ዶሮዋን ባርኮ የሚያርድ ክርስቲያን ወንድ ነው፤ በጎረቤት ደግሞ እሱ ጠፋ።

«ይተዉት እማማ፣ ሽሮ ይበቃኛል።»

«በአረፋ? በእኔ ቤት? ወላሂ አይሆንም! ተከተይኝ።»

እሳቸው ቢላዋውን በነጠላ ጠቅልለው፣ እኔ የምትንፈራገጠውን ዶሮ ታቅፌ፣ በየደጁ «ክርስቲያን አለ?» እያልን ዞርን። ክርስቲያን የለም፤ ግን ሳያስቀምጠን የሚሸኘን ቤትም የለም። አንዲት ሴትዮ ቴምር አስጨበጡኝና፣ «መምህርት፣ ዶሮዋንም ልታስተምሪያት ነው?» ብለው ሳቁብኝ።

በመጨረሻ እማማ ከአሰብ የመጣ ከባድ መኪና ሥር የተዘረጉ እግሮች አዩ።

«አንተ! ክርስቲያን ነህ?»

ሾፌሩ ከሥር ሆኖ፣ «ነኝ፣ እናቴ። ከቀበሌ ነዎት?» አለ።

«እስቲ ውጣና ማተብህን አሳየኝ።»

ክሩ በግራሶ ጠቁሯል። እማማ ጎንበስ ብለው መረመሩት፤ ከዚያ ዞር ብለው የእኔን ባዶ አንገት አዩ። እኔ ማተቤን ያወለቅሁት ዩኒቨርሲቲ፣ ማርክሲዝም በምናጠናበት የውይይት ክበብ ወራት ነው። ነጠላዬን አንገቴ ላይ ሰብሰብ አደረግሁ።

ሾፌሩ እጁን ታጥቦ በስመ አብ ብሎ አረደ። ቢላዋውን እያለቀለቀ ግን ድንገት ቆመ።

«ቆይ፣ ዛሬ አርብ አይደል እንዴ? አትጾሚም እህቴ?»

እማማ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እኔ የአርብን ጾም ከማተቡ ጋር ትቼው ስለነበር፣ «ግድ የለም፣ እበላለሁ» አልሁ።

«ሀረም ነው! በጁምዓ ቀን ጾምሽን አላስገድፍሽም። ነገ ትበያለሽ።»

«ነገማ ዝውውር ልጠይቅ ደሴ መውጣቴ ነው።»

«ዶሮዋን ለማን ጥለሽ?»

ቅዳሜ የደሴው አውቶቡስ ጡሩንባውን እየነፋ ሲያልፍ እኔ እማማ አጠገብ ሽንኩርት እከትፍ ነበር፤ ድስቱ ሳህን ተከድኖበታል። ቀትር ላይ ትናንት ደጃቸውን ያንኳኳንባቸው ጎረቤቶች፣ «ዶሮዋስ ደረሰች?» እያሉ ገቡ። ከእኔ ወጥ አይቀምሱም፤ ብቻዋን አትብላ ብለው የየራሳቸውን ይዘው መጥተው ዙሪያዬን ከበው በሉ። የይርጋለምን ወሬም አንድ በአንድ አስወጡኝ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ሹራብ ደርቤ ደሴ ወጣሁ። ቢሮው ክፍት ነበር። እኔ ግን ሰኞ ገበያ የሚሉት ሰፈር ገብቼ ለዚያ ድስት የሚገጥም ክዳን ስመርጥ ቀትር አለፈ።

እማማ ክዳኑን ገጥመው፣ አንሥተው፣ መልሰው ገጠሙት።

«ልክ ነው» አሉ። «ያ ሾፌር መቼ ነው የሚመለሰው?»